ቀድሞ የፈረመ

አባትየው ሳይናዘዙ ሞቱ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሂሳብ መምህር ሆነው የሰውን ልጅ ስሌት ሲያርሙ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ የገዛ ቤታቸውን ስሌት ግን ለማንም ሳይነግሩ አለፉ። ወዳጆቻቸው ስለ ኑዛዜ ባነሱባቸው ቁጥር፣ «ልጆቼ ባዳ ናቸው እንዴ፣ በወረቀት የማስማማቸው?» ብለው ይመልሱ ነበር። አነጋገሩ ሲሰሙት ያምራል። ይሁንና ልጆቹን ያመነ አባት ሁሉ ልጆቹን ከፈተና ጠብቋል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ እምነት ስንፍና ነው፣ ዋጋውንም የሚከፍሉት በሕይወት የቀሩት ናቸው።

ትተውት የሄዱት አንድ ቤት ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ደረጃው ከመረገጥ ብዛት መሐል መሐሉ የጎደጎደ አሮጌ ቤት። ፎቁ ላይ ሚስታቸው ይኖራሉ። በሩ ወደ መንገድ የሚከፈተው ምድር ቤት የበኩር ልጃቸው መጽሐፍ መጠረዣ ነው። የቤቱ እኩሌታ ድሮውንም የእናትየው ስለሆነ፣ በሕግ ለሦስቱ ልጆች የሚተላለፈው የአባትየው እኩሌታ ብቻ ነበር።

በኩሩን ሰፈሩ ሁሉ «ጠራዡ» ይለዋል። ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ከጥፍሩ ሥር ሙጫ የማይጠፋ ሰው ነው። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤት መዛግብት፣ ጀርባቸው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይመጡለታል፤ እሱም ቅጠል በቅጠል ለይቶ፣ በመርፌ ሰፍቶ፣ በብረት መጭመቂያው ሥር አሳድሮ፣ አዲስ ልብስ አልብሶ ይመልሳቸዋል። ለምን እንዳላገባ ሲጠይቁት፣ «ሙጫው እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው» ይላል። ከዚያ ክፍል ውጭ ሌላ ዓለም የለውም፤ መጭመቂያውን ወለሉ ላይ የተከሉለት አባቱ ራሳቸው ናቸው።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ማንኛውም የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ በኩሩ ይቀድማል። ልጆች ሳሉ ክትባት ሊከተቡ ሲሄዱ፣ አባትየው ሦስቱንም አሰልፈው መጀመሪያ እሱን ወደ መርፌው ይገፉታል፤ ሁለቱ ታናናሾች ከኋላ ሆነው ዓይናቸውን ፊቱ ላይ ይተክላሉ። እሱ ፊቱን ካጨማደደ እነሱ ይሸሻሉ። ስለዚህ ፊት አለማጨማደድን ገና በልጅነቱ ተማረ። መራራውን መድኃኒት ቀድሞ የሚቀምሰው፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ሌሎቹ ይከተሉታል። ሳይከተሉት የቀሩበት ጊዜ ስላልነበረ፣ ሊቀሩ ይችላሉ ብሎ ማሰብን ማንም አላስተማረውም።

ሐሳቡን ያመጣው የመጨረሻው ልጅ ነው። ጸጉሩ ከፊት እየሳሳ፣ ከረባት አስሮ የሚሄድ ሰው ቢሆንም እቤት ውስጥ ዛሬም «ማሙሽ» ነው። ቤትና ቦታ ያሻሽጣል፤ «የንብረት አማካሪ» ብሎ ራሱን ሲያስተዋውቅ፣ መካከለኛዋ እህታቸው፣ «ደላላ ማለት ከበደህ?» እያለች ታበሽቀዋለች። እሷ ፋርማሲስት ናት፤ በሰው መድኃኒት መደብር ውስጥ ቆማ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል።

አባታቸው ከተቀበሩ በኋላ አራቱም ፎቅ ላይ፣ የእናትየው እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ።

«እማዬ ባሏን አጥታ ደግሞ ቤት ይናወጥባት?» አለ ማሙሽ። «እኔ የምለው፣ ሦስታችንም ድርሻችንን እንተው። ልጆች በሙሉ ከተዉ የአባባ እኩሌታ ለእሷ ያልፋል። ቤቱ ሙሉውን የእሷ ይሆናል። ነገ ማንም ተነስቶ ድርሻዬን አይላትም።»

እህትየው የቀሚሷን ጠርዝ እያፍተለተለች፣ «ደግ ሐሳብ ነው» አለች።

«አንቺስ እማዬ?» አለ ጠራዡ።

«እኔ ምን እላለሁ፤ እናንተ እንዳላችሁ» አሉ እናቱ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።

«እንግዲህ ጋሼ ይጀምር» አለ ማሙሽ። «በዚህ ቤት ጋሼ ሳይጀምረው የተጀመረ ነገር አለ?»

ሁሉም ሳቁ። እናቱም ፈገግ አሉ። ጠራዡ ሆዱ ባባ፤ ታናሹን ስንት ጊዜ ቀልቃላ፣ ራስ ወዳድ እያለ በልቡ እንዳማው አስታውሶ ራሱን ወቀሰ።

በማግሥቱ ማሙሽ በመኪናው ፍርድ ቤት ወሰደው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች።

«ውርሱን የሚተዉት ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለእናቴ ብዬ።»

«ለእገሌ ብሎ መተው አይቻልም፤ መተው መተው ነው። ከተዉ በኋላ ድርሻዎ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ሕጉ ነው። ሌሎቹ ወራሾች ካልተዉ...»

ማሙሽ ከአፏ ነጠቃት። «እሱን ተነጋግረን ጨርሰናል እኮ። እኛም ተከታትለን እንመጣለን። ቤተሰብ ነን።»

ሴትዮዋ ማሙሽን አልፋ ጠራዡን አየችው። «አንዴ ከፈረሙ አይመለስም። ተረድተዋል?»

ተረድቶ አልነበረም። ግን ከኋላው ታናሽ ወንድሙ ቆሞ ያየዋል፤ በዚህ ሰዓት ማመንታት ፊትን እንደ ማጨማደድ ነው። «ተረድቻለሁ» ብሎ ፈረመ፤ ስሙን እንደ ልማዱ በጥንቃቄ፣ ፊደሉን ሳያጣብቅ ጻፈ።

«አንተስ?» አለው ደረጃውን ሲወርዱ።

«ደንበኛ ቀጥሬያለሁ ጋሼ፣ አሁኑኑ መሄድ አለብኝ። ሰኞ እመጣለሁ። እህታችንም መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል፣ ስታሳድስ ትመጣለች።»

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀው። ማሙሽም፣ «እሱን ለእኔ ተወው፣ አንተ ሥራህን ሥራ» አለው። ደግሞ መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር መሰለውና ዝም አለ። ለጨዋነት ሲባል ያልተጠየቀ ጥያቄ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የሚያውቁት ጨዋዎች ናቸው።

ከወራት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ጠራዡ የወፍራም መዝገብ ጀርባ ሙጫ እየቀባ ሳለ፣ ሜትር የያዘ ሰው ገባ። ሰላም ብሎ፣ ከበሩ እስከ ኋላው ግድግዳ ለካ። ከዚያ መጭመቂያውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና፣ «ይሄ ይነሳል አይደል?» አለ።

«ማን ላከህ?»

«ባለቤቶቹ ናቸዋ። ወንድምና እህት። መድኃኒት መደብር ሊከፍቱበት ነው፤ መደርደሪያ የምሠራው እኔ ነኝ።» አናጢው ቀና ብሎ አየው። «አንተ ተከራዩ ነህ?»

ጠራዡ ብሩሹ በእጁ እንዳለ ቆሞ ቀረ። ወደ መዝገቡ ሲመለስ ሙጫው ሳይያያዝ ደርቆ አገኘው። በሠላሳ ዓመት የሙያ ዘመኑ ሙጫ ሲያመልጠው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሙጫውን ፍቆ ማንሳትም ሳይሞክር ሱቁን ቆልፎ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ አልረሳችውም።

«ሌሎቹ አልተዉም» አለችው። «የወራሽነት ማረጋገጫው በሁለቱ ስም ወጥቷል። ውርሱን የሚያከፋፍለው አጣሪም ወንድምዎ ነው።»

«የእኔ ድርሻስ?»

«ውርስ የተወ ሰው ከመጀመሪያውም ወራሽ እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው። ለሕጉ አባትዎ የነበሯቸው ልጆች ሁለት ናቸው፤ ድርሻዎም ለእነሱ ተከፍሏል።»

ጠራዡ ሳይፈቀድለት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ውሃ ቀዳችለት።

«ተታለው ከሆነ» አለች ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ዳኛው ፊርማውን ሊያፈርሱት ይችላሉ። ጊዜው ገና አላለፈም። ግን ሁሉም ሊተው ተስማምቶ እንደነበር የሚመሰክር ሰው ያስፈልግዎታል። ስትነጋገሩ ማን ነበር?»

«እኛ ሦስታችንና እናቴ።»

«እንግዲያውስ ጉዳይዎ ያለው እናትዎ እጅ ነው።»

ይህን ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። እናቱን ያውቃቸዋላ። ተማሪ ሳለ የትምህርት ቤቱን መስኮት በድንጋይ ሰብሮ ማንም ሳይጠረጥረው ቀርቶ ነበር፤ እናቱ ግን ነገሩን ሲሰሙ እጁን ይዘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወሰዱትና፣ «የሰበረው ይሄ ነው» አሉ። በዚያ ቀን የተቀበለው ቅጣት ዛሬም ትዝ ይለዋል፤ ቢሆንም እውነትን በሚያስብበት ጊዜ ሁሉ የሚታየው የእናቱ መልክ ነው።

ወደ ፎቅ ሲወጣ የአባቱን ሸሚዞች እያጣጠፉ አገኛቸው።

«ማሙሽ አልፈረመም፣ እማዬ። እሷም አልፈረመችም።»

እናቱ ቀና ሳይሉ፣ «ሰማሁ» አሉ።

«ፍርድ ቤት ላመለክት ነው። እዚህ ቁጭ ብለን የተባባልነውን ብቻ እንድትናገሪልኝ ነው የምፈልገው፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

እናቱ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። «ከተጠራሁ እመጣለሁ» አሉ።

ሌላ አልጠየቃቸውም። እናትን ቃል አስገብቶ መሄድ ነውር መሰለው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደረጃው ላይ ማሙሽን አገኘው። ማሙሽ ከረባቱን አላልቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቀው ነበር።

«ክስ አሉኝ። ወንድምህን? ሰው ምን ይለናል ጋሼ?»

«የሰውን ተወው። አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? እጅህን ይዤ ነው ያስፈረምኩህ?»

«ሰኞ እመጣለሁ አላልክም?»

«የትኛው ሰኞ ብዬ ነበር?» አለና ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «እሺ፣ ስማኝ። ምድር ቤቱን ለእሷ ሰጥቻታለሁ፤ የመንገድ ዳር ሱቅ ነው፣ በአንተ ወረቀትና ሙጫ መባከን የለበትም። የጓሮዋን ክፍል እንለቅልሃለን። ኪራዩንም እንደ ወንድም እናደርገዋለን።»

ጠራዡ በአጠገቡ አልፎ ወረደ።

የችሎቱ ክፍል ጠባብና ሞቃት ነበር። ጠራዡ በአንደኛው ወገን ብቻውን ተቀመጠ፤ ጠበቃ አልያዘም፣ እውነት ጠበቃ የሚያስፈልጋት አልመሰለውም። በሌላው ወገን ማሙሽና እህቱ ከጠበቃቸው ጋር ተቀምጠዋል። እህትየው ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። እናቱ ጥቁር ሻርፕ አድርገው ገቡ፣ እውነት ሊናገሩ ማሉ፣ ከምስክር መቆሚያው ጀርባ ቆሙ።

«እናቴ» አሉ ዳኛው በትሕትና፣ «ሦስቱ ልጆችዎ ድርሻቸውን ሁሉም ሊተዉ በፊትዎ ተስማምተው ነበር ወይ?»

እናቱ የእጃቸውን ጣቶች አቆላለፉ። ጠራዡ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ዓይኑ ከእናቱ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። እናቱ ዓይናቸውን አላሸሹም፤ እንዲያውም ትክ ብለው አዩት፣ ልክ ልጅ ሆኖ መርፌ ሊወጋ ሲል እንደሚያዩት። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሩ።

«እንዲህ ያለ ስምምነት አላውቅም» አሉ። «በኩር ልጄ በገዛ ፈቃዱ ነው የተወው። እሱ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፤ ከራሱ ነጥቆ ለታናናሾቹ የሚሰጥ ደግ ልጅ ነው።»

ከዚህ የከፋ ምስክርነት ጠላትም አይሰጥም፤ ውሸቱ የተጠቀለለው በምስጋና ነበርና። እህትየው መሐረብ አውጥታ አፏን ሸፈነች። ማሙሽ ጠበቃውን አየ።

«ለምስክሯ የሚያነሱት ጥያቄ አለ?» አሉ ዳኛው ወደ ጠራዡ ዞረው።

ጥያቄ ነበረው። በየትኛው ወንበር ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንዳለ፣ እናቱ ወደ መስኮቱ እያዩ ምን እንደመለሱ አንድ በአንድ ቢጠይቃቸው ውሸቱን ከሥሩ ሊመዘው ይችል ነበር። ነገር ግን ይህን ለማድረግ በሰው ፊት እናቱን ውሸታም ማለት አለበት። ቆመ።

«የለኝም።»

«ሌላ ምስክር ከሌለዎት ፊርማዎ ይጸናል። ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

አቤቱታው ውድቅ ተደረገ። ዳኛው ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አልወሰደባቸውም።

ማሙሽ መኪና ሊያመጣ ወጣ፤ እህቱም አቀርቅራ ተከተለችው። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠራዡ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ቁጣ እንዲመጣለት ጠበቀ፤ የመጣለት ግን እንደ ልጅ ማልቀስ ነበር፣ እሱንም መለሰው።

«ለምን?» አላቸው።

«ቁጭ በል።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

እናቱ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ማሙሽ ዕዳ ውስጥ ነው። እሷም በሰው ቤት ቆማ እግሯ አበጠ። አንተ እጅህ ላይ ሙያ አለህ፤ የትም ብትሄድ ትኖራለህ።»

«ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ እሰጣቸው ነበር። ብትጠይቂኝ ብቻ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ታዲያ?»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ማሙሽ ደርሷል። «ብትሰጠው ኖሮ» አሉ እናቱ፣ «ዕድሜውን ሙሉ አንተን ቀና ብሎ ማየት አይችልም ነበር። ያንተን ጫማ ተጫምቶ፣ ያንተን ደብተር እየቀዳ ነው ያደገው። አባትህ፣ እንደ ወንድምህ ሁን ያላለው ቀን የለም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ካንተ ሳይቀበል፣ በራሱ ያገኘው ነገር ይኑረው አልኩ።»

«በራሱ ያገኘው?» አለ ጠራዡ። «ሰርቆ?»

«ልጄ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

«ዝቅ አድርጌ ነው ያለሁት። ወደ ችሎቱ ስትገቢስ? ያኔም ይህን አስበሽ ነበር?»

«አስቤ ነበር። ያን ሁሉ በሰው ፊት ብናገር ማሙሽን ወንጀለኛ ያደርጉታል። አይችለውም። አንተ ግን ትችለዋለህ።» እጃቸውን ዘርግተው እጅጌውን ያዙት። «አንተ ሁሉንም ትችላለህ።»

ጠራዡ እጅጌውን የያዘችውን ያረጀች እጅ አየ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የተዘረፈው ክፍል መስሎት ነበር። አሁን ግን ሌላው ተገለጠለት። በዚህ ቤት ውስጥ የቻለ ሁሉ ይጫንበታል፤ መቻሉም እንደ ፍቅር ሳይሆን እንደ ፈቃድ ተቆጥሮበታል። ለመርፌው ቀድሞ ክንዱን ሲሰጥ ማንም ያመዋል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ እናቱም ጭምር።

«መቻል አለመቻሌን ማን ጠየቀኝ?» አላቸው።

ጡሩምባው ደግሞ ተነፋ። ጠራዡ እጃቸውን ቀስ ብሎ ከእጅጌው አላቀቀ፤ ደግፎ አስነሳቸው፣ ደረጃውን አወረዳቸው፣ የመኪናውን በር ከፍቶ አስገባቸውና ዘጋው። ማሙሽ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ና ግባ ጋሼ፣ እናድርስህ» አለው። ጠራዡ በእግሩ ሄደ።

ክፍሉን እንዲለቅ የተሰጠው ጊዜ ሳያልቅ የጭነት መኪና ተከራየ። ከከተማው ዳር፣ ከጎማ ጠጋኝ ጎን፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል አገኘ። ማሙሽ ስለ ጓሮው ክፍል ደጋግሞ ደወለለት፤ አላነሳም። እህቱ አንድ ቀን በሥራ ልብሷ መጥታ የመጠረዣው በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«መደርደሪያውን ከዚህኛው ግድግዳ አታስጠጊው» አላት፣ ከሥራው ቀና ሳይል። «በክረምት ውሃ ያሰርጋል። መድኃኒት ይበላሽብሻል።»

እንባዋ መጣና ሄደች። ይህን ያላት ሊያሳፍራት አልነበረም፤ ግድግዳው በእርግጥም ውሃ ያሰርጋል። ይቅርታዋን ለመስማት ግን አቅም አልነበረውም። ይቅር ባይነትም አንዱ የመቻል ሥራ ነው፤ ጠራዡ ደግሞ ከዚያ ሥራ ጥቂት ማረፍ አሰኝቶታል።

መጭመቂያውን ለመንቀል ሠራተኞቹ ሲሚንቶውን መስበር ነበረባቸው። አራት ሆነው ተሸክመው ሲያወጡት ወለሉ ላይ የጎደጎደ ቦታ ቀረ። ጠራዡ የክርና የመርፌ ሳጥኑን ይዞ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቁልፉን በደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ጣለው።

ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ የፎቁ መስኮት ተከፈተ። እናቱ ነበሩ፤ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ሹራብ ደርበዋል።

«ቁርስ በላህ?» አሉት ከላይ።

ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፉ አልዞረም ነበር። ቀና ብሎ አያቸው፤ ፊቱ ላይ አንዳች የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«በልቻለሁ እማዬ» አላቸው። ከሹፌሩ ጎን ወጥቶ ተቀመጠና፣ እንዲሄዱ በእጁ ምልክት ሰጠው።